ቀይ ጨርቅ ስለታሰሩት ሦስት ጆንያዎች

የምስክር ስም፦ ወ/ሮ ወይንሀረግ ሚደቅሳ
ዕድሜ፦ 54
የጋብቻ ሁኔታ፦ ባሏ የሞተባት
ሥራ፦ ጥጥ እየፈተለች የምትተዳደር
አድራሻ፦ አዲስ አበባ፣ ልደታ፣ አብነት፣ የቤት ቁጥር 317
ቃሉ የተሰጠበት ጊዜ፦ ቅዳሜ ጥር 22 ቀን 1974 ዓ.ም. ከቀኑ 9 ሰዓት
ቃሉን የተቀበለው፦ ሃምሳ አለቃ ተሰማ

ስሜ፣ ዕድሜዬና አድራሻዬ ከላይ እንደተጻፈው ነው። ለምስክርነት የጠራኝ የለም፤ በገዛ ፈቃዴ ነው የመጣሁት። ስለ ጆንያዎቹ ከመናገሬ በፊት እስከ ዛሬ ለማንም ነግሬው የማላውቀውን አንድ ነገር አስመዘግባለሁ። እኔ ማንበብ እችላለሁ።

ሃምሳ አለቃው ይህ ከጠጁ መጥፋት ጋር ምን እንደሚያገናኘው ጠይቆኛል። የቀበሌያችን ዕቃ ሰብሳቢ ዱጉማ ኦልጅራ የጎረቤቴን የወ/ሮ ኮከቤን የሠርግ ጠጅ ሰርቀሃል ተብሎ ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ በዚህ ጣቢያ ታስሯል። እሱ «እትዬ ወይንሀረግ የቀበሌውን የጽዳት ማስታወቂያ ቃል እየጠቀሱ ነው ያስጫኑኝ» ብሎ ተናግሯል። የጽዳት ኮሚቴው ሊቀመንበር ጓድ ጴጥሮስ ግን «ሴትዮዋ ፊደል አይለዩም፤ ማስታወቂያውን ከየት አምጥተው ይጠቅሳሉ?» በማለቱ የዱጉማ ቃል ውሸት ተብሏል። ስለዚህ ማንበቤ ካልታወቀ ዱጉማ ሌባ ሆኖ መቅረቱ ነው።

ሃምሳ አለቃው ለማረጋገጥ ሲል በግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ወረቀት እንዳነብ አዞኛል። «ተረኛ የፖሊስ ባልደረባ ቆቡን ሳያደርግ ባለጉዳይ ማስተናገድ የለበትም» የሚለውን አነበብኩ። ሃምሳ አለቃው ቆቡን ከጠረጴዛው ላይ አንሥቶ ካደረገ በኋላ ቃሌን መስጠት ቀጥያለሁ።

በዚህ ጊዜ ከሳሽ ሆና አግዳሚው ላይ ተቀምጣ የነበረችው ወ/ሮ ኮከቤ በመሐል ገብታ ተናግራለች። የተናገረችው «አንቺ ወይንሀረግ! ወንድሜ ከአሰላ ደብዳቤ በላከ ቁጥር አስነብባለሁ ብዬ እስከ ሳዲያ ሱቅ ስሮጥ፣ ሳዲያም ምሥጢሬን ለሰፈሩ ስትበትነው፣ አጠገቤ ቁጭ ብለሽ ጥጥ ትፈትያለሽ?» የሚል ነው። ሃምሳ አለቃው ዝም እንድትል አስጠንቅቋታል። እሷም «ጠጁን እርሺው፤ እኔን የቆጨኝ ደብዳቤው ነው» ብላለች።

ንባብ እንዴት እንደተማርኩ ለቀረበልኝ ጥያቄ የሚከተለውን መልሻለሁ። ባለቤቴ ኃይለሚካኤል በ1962 ዓ.ም. ታምሞ ሳለ ሁለት ጠርሙስ መድኃኒት ተሰጥቶን ነበር። አንደኛው የሚጠጣ፣ ሁለተኛው የሚታሽ ነው። በላያቸው ላይ ተጽፏል፤ እኔ ግን ማንበብ ስለማልችል አለዋውጬ ሰጠሁት። እሱ ሞቶ ስህተቱ ከታወቀ በኋላ፣ የገደለው በሽታው እንጂ ያ እንዳልሆነ ሐኪሙ ነግሮኛል። ሐኪሙን ሰምቼዋለሁ። ልቤ ግን እስካሁን አልሰማውም።

ከዚያ በኋላ ከሱቅ በርበሬና ጨው የሚጠቀለልበትን ወረቀት እያስቀረሁ ፊደል መለየት ጀመርኩ። ስሙን የማላውቀው ፊደል ሲያጋጥመኝ ልደታ ቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር ቆሜ የቄስ ተማሪዎቹ ፊደል እየጮኹ ሲቆጥሩ አዳምጣለሁ። ማንበብ ከቻልኩ ወዲያ ሽንኩርት የተጠቀለለበት ጋዜጣ ላይ ወሬው መሐል ላይ ተቀዶ ሲቀር ቀሪውን ፍለጋ ሌላ ሽንኩርት የገዛሁበት ጊዜ አለ። አንድ ሰው ከነበቅሎው ወንዝ ሲሞላበት ወረቀቱ አለቀብኝና ሳምንቱን ሙሉ ቤቴ ሽንኩርት ሸተተ። ሰውየው ይሻገር አይሻገር እስካሁን አላወቅሁም። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲመጣ ዓይኔን ያመኛል ብዬ ቀረሁ። ያኔ ለባሌ ያልቻልኩትን አሁን ችያለሁ ብሎ በሰው ፊት መቆም አሳፍሮኝ ነው። ከዚህም የተነሣ የተጻፈ ነገር ሳገኝ አንድም ቃል ሳላጓድል እፈጽማለሁ። የዛሬው ጥፋት የመጣው ከዚሁ ነው።

ማስታወቂያው ከኅዳር ወር ጀምሮ በቀበሌው በር ላይ ተለጥፏል። በማስታወቂያው መሠረት ጠርሙስ፣ ቆርቆሮ፣ ወረቀትና ጨርቅ ለየብቻ ተለይቶ፣ ጠርሙሱ ታጥቦ፣ በጆንያ ይቀርባል። የመኖሪያ ቤት ጆንያ በነጭ ጨርቅ፣ የንግድ ቤት ጆንያ በቀይ ጨርቅ ይታሰራል። ሁሉም ቅዳሜ ጠዋት ከሁለት ሰዓት በፊት ከግቢ ውጭ መቀመጥ አለበት። የታሰረ ጆንያ ከሰብሳቢው በቀር ማንም አይፈታም። ከሁለት ሰዓት በኋላ ቀይ ጨርቅ የታሰረ ጆንያ የተገኘበት ግቢ በሙሉ የወሩ ስኳር ይቀርበታል። ይህ የመጨረሻው ተራ ቁጥር አራት ነው።

ወ/ሮ ኮከቤና እኔ በአንድ ግቢ እንኖራለን። እሷ ከፊት ባለው ክፍል ጠላ ስለምትሸጥ ጆንያዋ ሁልጊዜ በቀይ ጨርቅ ነው የሚታሰረው። እንዳለች የምትባለው ልጇ ነገ እሑድ ትዳራለች። ለሠርጉ ጠጅ መገልበጫ የሚሆን ጠርሙስ ከጎረቤት ሁሉ ተውሳለች። በሰፈራችን ልማድ ለሠርግ ዕቃ የሚያውስ ሰው ዕቃው ከሌላው ጋር እንዳይቀላቀል ምልክት ያስርበታል። የእኔዎቹ አንገታቸው ላይ የፈተልኩት ክር ተጠምጥሞባቸዋል። ወ/ሮ ኮከቤም ትናንት ማታ ጠጁን ሞልታ ጭድ እያደረገች በሦስት ጆንያ ከታ፣ የእድሩ ዕቃ ሲመጣ እንዳይቀላቀልባት አፋቸውን አስራለች። ያሰረችበት ጨርቅ በእጇ የተገኘው የጠላ ቤቱ ቀይ ጨርቅ ነው። ጥላ ያገኛል ብላ ከእኔ ቤት ጥግ አስቀምጣ፣ ዛሬ በጠዋት ሙሽራዋን ይዛ ወደ ሹሩባ ሠሪ ሄደች። ለእኔ አልነገረችኝም፤ የሠርግ ምልክት ለማን ይነገራል? ሁሉም ያውቀዋል።

እኔ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ሁለት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ቀርቶት ነበር። ቀይ ጨርቅ የታሰሩ ሦስት ጆንያዎች ግቢ ውስጥ ቆመው አየሁ። ሠርገኛ ስለሆነች ጠርሙሷን ሳታወጣ ረሳችው አልኩ። ተራ ቁጥር አራትም ትዝ አለኝ። በሠርጓ ማግስት ግቢው በሙሉ ስኳር ሊያጣ ነው ብዬ ጆንያዎቹን አንድ በአንድ እየጎተትኩ አወጣሁ።

ክብደታቸው አላጠራጠረሽም ወይ ለተባልኩት፣ አጠራጥሮኛል። ነገር ግን ማስታወቂያው ታጥቦ ይቅረብ ስለሚል ያጠበችበትን ውሃ ሳትደፋው ቀርታ ነው ብዬ አሰብኩ። ፈትቼ እንዳላይ የታሰረ ማንም አይፈታም ይላል።

ዱጉማ ጋሪውን እየገፋ መጣ። ዱጉማ ቀበሌ ሳይቀጥረው በፊት «ቆራሌው» እያለ በየመንደሩ የሚዞር ሰው ነበር፤ ድምፁ ከጠመንጃ ያዥ እስከ አብነት ይሰማል። በዚሁ ድምፁ የእድራችን የሠርግ ዘፈን አውራጅ ሆኗል። የመጀመሪያውን ጆንያ ሲያነሣ «እትዬ ወይንሀረግ፣ ይኼ ጠርሙስ ነው ወይስ ባለጠርሙሱ?» ብሎ ሳቀ። ኮከቤ ስትመጣ ጠይቆ ቢወስድ እንደሚሻለውም ተናገረ። እኔ ግን «አይሆንም፤ ተራ ቁጥር አራት ከሁለት ሰዓት በኋላ የተገኘበት ግቢ በሙሉ ይላል» አልኩት። «እሱን ደግሞ ማን ነገረዎት?» ሲለኝ «ሰው ሲያወራ ሰምቼ ነው» ብዬ ዋሸሁ። እሱም «እንግዲህ እርስዎ ስኳር ከሚቀርብዎት የእኔ ወገብ ይሰበር» ብሎ ጫነው። ስለዚህ ዱጉማ የጫነው በእኔ ትእዛዝ ነው። አንዱንም ጆንያ በእጁ አልፈታም።

በቀበሌው ግቢ የሆነውን በዓይኔ አላየሁም፤ የሰማሁትን ግን እናገራለሁ። ለጽዳት ዘመቻ የወጡት ነዋሪዎች ጠርሙስ ሊያጥቡ በርሜል ዙሪያ ተቀምጠው ሳለ ከመጀመሪያው ጠርሙስ ጠጅ ወጣ። ጓድ ጴጥሮስ ተጠርቶ ይዘቱን ለማረጋገጥ ሲል ቀመሰ። ከአንድ ጠርሙስ ብቻ ለማረጋገጥ ስላልተቻለ ከሌላም ቀመሰ። አጣቢዎቹም በማረጋገጡ ሥራ ተባበሩት። ሌላ ቅዳሜ እስከ ስድስት ሰዓት የሚዘልቀው አጠባ ዛሬ በሦስት ሰዓት ተኩል ማለቁን፣ መፈክሩም በእስክስታ መታጀቡን ሰምቻለሁ። ወ/ሮ ኮከቤ ሹሩባዋን ግማሽ ተሠርታ እየሮጠች ስትደርስ አንደኛው ጆንያ ባዶ ነበር። ሁለቱ ጆንያዎች ሳይነኩ ተገኝተዋል።

በዚያን ሰዓት የሰው ሁሉ አፍ ጠጅ ጠጅ ይሸት ስለነበር ሌላ ጥፋተኛ ማግኘት አስፈለገ። ጠጅ ያልቀመሰው ዱጉማ ብቻ ነበር፤ እሱ ሌላ ጋሪ ሊያመጣ ሄዶ ነበርና። ሲመለስ ተያዘ።

እኔ ነገሩን የሰማሁት እኩለ ቀን ላይ ሴቶች ለሠርጉ ሽንኩርት ሊልጡ ሲሰበሰቡ ነው። እንዲህ ዓይነት ነገር አድርጌ ዝም ማለት አልቻልኩም። ያኔ የመድኃኒቱ ጠርሙስ ላይ የተጻፈውን አላውቅም ነበር፤ አሁን ግን አውቃለሁ። ነጠላዬን ለብሼ ወጣሁ። ሴቶቹም ከነቢላቸው ሊከተሉኝ ሲሉ ቢላውን አስቀምጡ አልኳቸው፤ በምትኩ ከበሮ ይዘው መጡ። አሁን ከጣቢያው አጥር ውጭ የሚሰማው ድምፅ የእነርሱ ነው። የሚሉትም፦

ጠጃችን ታጠበ ቀበሌ ገብቶ፣
አውራጅ ታሰረብን ማን ይዘፍናል ከቶ።

ይህ ቃል በሚጻፍበት ጊዜ ዱጉማ ከእስር ክፍሉ ሆኖ ግጥሙ እንደተበላሸ፣ እንደዚህም እንደማይዘፈን እየጮኸ ነግሯቸዋል። ከዚያም ራሱ ከውስጥ ሲያወርድ ሴቶቹ ከውጭ ተቀበሉት። ሃምሳ አለቃው ጸጥታ እንዲሆን ሁለት ጊዜ ትእዛዝ ሰጥቷል። ለሦስተኛ ጊዜ ሊሰጥ ሲነሣ በር ላይ ያለው ጠባቂ እያጨበጨበ ስለተገኘ መልሶ ተቀምጧል።

ወ/ሮ ኮከቤ ተጠይቃ ክሷን እንደምታነሣ አስታውቃለች። ያቀረበችው ቅድመ ሁኔታ አንድ ነው። የወንድሟ ደብዳቤዎች በሙሉ፣ ሳዲያ ሱቅ የተነበቡትም ጭምር፣ እንደ ገና ከመጀመሪያው እንዲነበቡላት ትፈልጋለች። «ሳዲያ እየዘለለች ነበር የምታነብልኝ፤ አውቃለሁ» ብላለች። እኔም ተስማምቻለሁ። ጓድ ጴጥሮስም በር ላይ ቆሞ፣ በባዶው ጆንያ ምትክ ብርዝ የሚሆን ማር ከራሱ ቤት እንደሚያመጣ ተናግሯል። ወ/ሮ ኮከቤም «ሲያመጡት አይቅመሱት፣ ጓድ» ብላ መልሳለታለች።

ሃምሳ አለቃው ቃሌን ጽፎ ከጨረሰ በኋላ የጣት አሻራ ማንሻውን ቀለም አቅርቦልኝ ነበር። አውራ ጣቴን ከዘረጋሁ በኋላ መልሼ ሰብስቤያለሁ። ብዕሩን ተቀብዬ ከዚህ በታች ስሜን ጽፌያለሁ። በሰው ፊት በእጄ ስጽፍ ይህ የመጀመሪያዬ ስለሆነ የ«ወ» እግር ቢጣመም ይቅርታ ይደረግልኝ።

በዚህ የተጻፈው ሁሉ ያየሁትና ያደረግኩት ነው፤ የሰማሁትንም ሰማሁ ብዬ ለይቻለሁ። በቅጹ ግርጌ «ቃሌ ተነቦልኝ ትክክል መሆኑን አረጋግጫለሁ» የሚል ታትሞ ይገኛል። «ተነቦልኝ» የሚለው በሃምሳ አለቃው እጅ ተሰርዞ በላዩ «አንብቤ» ተብሎ ተጽፏል። ስርዙ ላይ ሁለታችንም ፈርመናል።

የምስክር ፊርማ፦ ወይንሀረግ ሚደቅሳ
ቃሉን የተቀበለው ፊርማ፦ ሃምሳ አለቃ ተሰማ

የዚህ ቃል ዋናው ቅጂ በጣቢያው መዝገብ ይቀመጣል። አንዱ ግልባጭ ለቀበሌው ጽዳት ኮሚቴ ሊቀመንበር ለጓድ ጴጥሮስ ይደርሳል። ሁለተኛው ግልባጭ ከእስር ሲወጣ ለዱጉማ ኦልጅራ ይሰጣል። እሱ ማንበብ ስለማይችል ነገ ዘፈኑ ከመጀመሩ በፊት በዳሱ ውስጥ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ እኔ አነብለታለሁ።