በእልህ የተገዛ ውኃ

ኦቦ ገርባ ከሱሉልታ ገበያ በበቅሎ ሲመለሱ የማዘጋጃ ቤቱን ጸሐፊ አሥራትን ከቆመው የውኃ ሞተር አጠገብ አገኙት። ሞተሩን በሐራጅ የተከራየው ነገሳ ኪራዩ ከብዶት፣ ሲበላሽም ማሠሪያ ገንዘብ አጥቶ ከተወው ወዲህ ከተማው የሚጠጣው ከብት ከሚወርድበት ወንዝ ነው። ኦቦ ገርባ የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ ስለሆኑ ያለ እሳቸው ቃል አዲስ ሐራጅ አይወጣም።

«አካም ጅርቱ፣ ኦቦ ገርባ?» አለ አሥራት ባርኔጣውን አንሥቶ።

«ፈያ፣ ልጄ። ሰኞ ሐራጁን እናውጣ። ልጄ ባይሳም ይገባል፤ የነገሳን ወንድም ሳልረታ አልመለስም ብሏል።»

«እኔን የሚያስፈራኝ ይኸው ነው። አይቆጡኝና፣ ነገሳን ምን ጣለው? አንዱ ሲጨምር ሌላው ሲጨምር፣ ዘመድ እያየው ማፈግፈግ ነውር ሆነበት። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።»

«ማዘጋጃ ቤቱ ብዙ ቢያገኝ ምን ከፋው?»

«በቃል አገኘ እንጂ እጁ አልገባም። ኪራዩን እኛው ዝቅ አድርገን እንቁረጥ። ሰዉ የሚወዳደረው አንድ ቆርቆሮ ውኃ በስንት እሸጣለሁ በሚለው ይሁን፤ ዋጋውንም በታሸገ ፖስታ ያስገባ።»

«በርካሽ እሸጣለሁ ብሎ የሚዋሽስ?»

«መያዣ ያስይዛል። ከጻፈው ዋጋ በላይ ከሸጠ ወይም ሞተሩ ተበላሽቶ ሳምንት ከቆመ ውሉ ይፈርሳል፣ መያዣውም ይቀራል።»

«ወንድ ልጅ ዋጋውን በወረቀት ደብቆ! ሐራጅ እኮ ፊት ለፊት ነው» አሉ ኦቦ ገርባ፤ ግን በቅሎዋን አልነዱም። ከአፋቸው ይልቅ ሆዳቸው ያውቅ ነበር። በመጨረሻ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ባይሳ መሬቱን አስይዞ ሊገባ ነው» አሉ። «ፈርቻለሁ። እንዳልከው ይሁን።»

ሰኞ ፖስታዎቹ በሕዝብ ፊት ተከፈቱ። ባይሳ ከሚስቱ ጋር ቁጭ ብሎ አስልቶ የሚችለውን ጽፎ ነበርና አልረታም፤ መሬቱ ግን ከእጁ አልወጣም። ዝቅተኛውን ዋጋ የጻፉት ወይዘሮ ጠጅቱ ሆነው ተገኙ። ወፍጮ ቤት ስላላቸው ሞተር የሚጠግን ሠራተኛ ከደጃቸው አይጠፋም፤ ዋጋውን ዝቅ ማድረጋቸውም ከዚሁ የመጣ ነው።

እነሆ፣ በዚህ ውል የውኃው ዋጋ ከነገሳ ጊዜ በግማሽ ቀነሰ፣ የልጆቹ ተቅማጥ ቀነሰ፣ ማዘጋጃ ቤቱም ትንሹን ኪራዩን ሳይለምን ተቀበለ። ፖስታዎቹ የተከፈቱ ዕለት ግን ሰዉ ሁሉ ሴት አሸነፈች ብሎ ሲያጉረመርም፣ ኦቦ ገርባ ተነሥተው፣

«ባለፈው ሐራጅም ጠጅቱ ከኋላችን ቆማ ነበር» አሉ። «በወንድ መካከል ዋጋ ልትጮህ ኖሯል? የሚችለው ሰው አጠገባችን እያለ ነው ዓመት ሙሉ የከብት ውኃ የጠጣነው።»