ማን ሞቶ ነው የምትሮጪው

ቅዳሜ ማለዳ ወደ ውጫሌ ገበያ ለመሄድ ሐይቅ ከተማ አስፋልት ዳር ቆሜ ሚኒባስ ስጠብቅ፣ ከታች ሰፈር በኩል አንዲት ሴት ነጠላዋን እያርገበገበች ስትሮጥ አየሁ። ከኋላዋ ሁለት ሴቶች ይሮጣሉ። ከእነሱ ኋላ ጋቢ የደረቡ ሽማግሌዎች ይገሰግሳሉ። በመጨረሻ አንድ ባጃጅ ከአቅሙ በላይ ሰው ጭኖ ያዘግማል።

«ማን ሞተ?» ብዬ አንዷን ጠየቅኋት።

«እኔ እንጃ፣ ፊት ያሉት ያውቃሉ» አለችኝ።

ሚኒባሱን ትቼ ተከተልኩ። ሰው ሁሉ ወደ ለቅሶ ሲሄድ ብቻውን ወደ ገበያ የሚሄድ ሰው ስሙ በክፉ ይነሳል፤ ደግሞም ማን እንደሞተ ማወቅ ፈልጌ ነበር።

ፊት የምትሮጠው መምህርት ፋና ናት። ጂኦግራፊ ታስተምራለች፣ ባለትዳርና የልጅ እናት ናት፣ ወፍራም ናት። መወፈሯን የማነሳው ለነውር አይደለም፤ ነገሩ ሁሉ ከዚያ ስለሚነሳ ነው። ወደ እስጢፋኖስ ገዳም የሚታጠፈው መንገድ ላይ ስትደርስ ቆመች። ጉልበቷን ይዛ አጎነበሰች። ትንፋሿ እየተቆራረጠ ቃል መናገር አቃታት፤ ላቧ በፊቷ ይወርዳል። ሴቶቹ እንባ መሰላቸው። አንዷ «ወይኔ እህቴን» ብላ ደረቷን መታች። ሌላዋ ነጠላዋን አዘቀዘቀች። ለቅሶው ሞቅ አለ። ሟቹን የሚያውቅ ባይኖርም ያለቀሰው ሁሉ ከልቡ ነበር፤ የሚያለቅስለት የሞተ ሰው የሌለው ማን አለ።

ፋና ትንፋሽ ስታገኝ ቀና አለችና ሕዝቡን አየች።

«ምን ሆናችሁ? ማን ሞተ?» አለች።

ለቅሶው ቀጥ አለ። ቀጥሎ የመጣው ቁጣ ነው።

ሰዉ አይፈረድበትም። በኛ ሰፈር ባለትዳር ሴት በማለዳ ነጠላ ለብሳ ከሮጠች ወይ መርዶ ነው ወይ እሳት ነው፤ ሦስተኛ ምክንያት እስከዚያ ቀን ድረስ አልነበረም። ፋና ለሳምንታት ስትሮጥ የከረመችው ሳይነጋ፣ ከሰው ተደብቃ ነው። በዚያች ቀን አረፈደች። በቱታ ብቻ መታየት ቢያሳፍራት ነጠላ ደረበችበት። ሰፈሩን ያስነሳው ለጨዋነት ብላ የደረበችው ነጠላ ነው።

አያ ሽታው ከሕዝቡ መሀል ወጡ። የፋና እናት ታላቅ ወንድም ናቸው፤ በዚያ ላይ የቅሬ ዳኛ ናቸው። ቅሬ ማለት፣ ወሎን ለማያውቅ ሰው፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በአንድነት ሟቹን የሚቀብርበት ማኅበር ነው። በትራቸውን መሬት ላይ ተከሉና በጣም ለስለስ ባለ ድምፅ ተናገሩ። አያ ሽታው ድምፃቸው ሲለሰልስ የሚያውቃቸው ሰው ሁሉ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይላል።

«ልጄ፣ ቅሬው ወጥቷል። እስቲ ማንን እንደምንቀብር ንገሪን።»

«ማንንም አያ። ሩጫ ላይ ነኝ።»

«ከማን ነው የምትሮጪው?»

«ከማንም። ክብደት ለመቀነስ ነው።»

አያ ሽታው ወደ ሕዝቡ ዞሩ። «ክብደት ለመቀነስ ነው» ብለው ለኋለኞቹ አሰሙ።

«አልሐምዱሊላህ፣ ማንም አልሞተም» አለች ጎረቤቷ ራዚያ። እጇ እስከ ክርኗ ዱቄት ነው። «ግን ያን ሁሉ ሊጥ ገበታው ላይ ጥዬ ነው የመጣሁት። እስካሁን ዶሮ ጨርሶታል። ፋንዬ፣ እኔ በዚህ ሰዓት ላንቺ ወንድም ነው እያለቀስኩ የነበረው።»

«ወንድሜ ደሴ ነው፣ ደህና ነው።»

«እሱን አሁን ነው የሰማሁት።»

አያ ሽታው እጃቸውን አንስተው ዝም አሰኙ። «ስሚ ፋና። እኔና እናትሽ በድርቁ ጊዜ ምን እንደመሰልን አታውቂም። ጎድናችን ይቆጠር ነበር። አምባሰል ተራራ ሥር ሰው ቁመቱ ብቻ ቀርቶ ሲሄድ አይቻለሁ። አንቺ ሥጋ ያወጣሽ ጊዜ እኛ እልል ያልነው ስለ ውበትሽ አይደለም፤ ያ ዘመን አለፈ ብለን ነው። አሁን ያን ሥጋ አስፋልት ለአስፋልት ልታራግፊው ትሮጫለሽ?»

ይህ ንግግር ለቀልድ የሚሆን አልነበረም። የተሰበሰበው ሰው ራሱን ነቀነቀ። ፋናም መሬት መሬት አየች። ቀና ስትል ግን ፊቷ ተለውጦ ነበር።

«እልልታውን አልረሳሁትም አያ። እኔን የሚያናድደኝም እሱ ነው። ከወለድኩ ወዲህ በጨመርኩ ቁጥር አማረብሽ፣ ተመቸሽ ያላለኝ ሰው ካለ ይቁም። ደረጃ ስወጣ ልቤ ሲዘል፣ አማረብሽ። ካርታ ሰቅዬ ወደ ተማሪዎቼ እስክዞር ትንፋሼ ሲያጥር፣ ተመቸሽ። ደሴ ሄጄ ሐኪሙ ስኳርሽ አፋፍ ላይ ነው፣ ክብደት ቀንሺ፣ ተንቀሳቀሺ ሲለኝ፣ ተመልሼ ብናገር፣ ተይው እሱን አምሮብሻል። እናቴንስ ምን ነበር ያላችኋት? አገሬ ሞላች፣ አገሬ ወዝ አገኘች። ዛሬ እግሯ የት ነው?»

የፋናን እናት ወይዘሮ አገሬን ስኳር አሟቸው ቀኝ እግራቸው ከጉልበት በታች ተቆርጧል። በረንዳ ላይ ነው የሚውሉት። ይህን የማያውቅ የሐይቅ ሰው የለም፤ በአደባባይ ያነሳ ሰው ግን አልነበረም።

«የእህቴን እግር በሰው ፊት አታንሺብኝ» አሉ አያ ሽታው።

«የእኔም እንዳይከተል ነው የማነሳው።»

ዳኛ አንድ በር ሲዘጋበት በሌላ ይመጣል፤ አያ ሽታውም እንደዚያው አደረጉ።

«መልካም። ይህ ሩጫ ክብደት ይቀንሳል ነው የምትዪው?»

«ይቀንሳል።»

«ከጀመርሽ ቆይተሻል?»

«ሳምንታት ሆኑኝ።»

«ቀነስሽ?»

ፋናን እኔ እንዳየሁት ከቁጣው ሁሉ የመታት ይህ ጥያቄ ነው።

«አልቀነስኩም» አለች። «በየማለዳው ሚዛኑ ላይ እወጣለሁ፣ ሚዛኑ አይነቃነቅም። እውነቱን ልንገርዎት አያ፤ ዛሬ ያረፈድኩት ልሂድ ልቅር እያልኩ ከራሴ ጋር ስሟገት ነው። የመጨረሻዬ ናት ብዬ ነው የወጣሁት። ከነገ ጀምሮ አርፌ እተኛለሁ፣ እናንተም ታርፋላችሁ።»

አያ ሽታው ክርክሩን አሸንፈው ነበር፤ ፊታቸው ግን ያሸነፈ ሰው ፊት አልነበረም። ምናልባት የእህታቸው እግር ትዝ ብሏቸው ነው።

«ቆይ እስቲ» አለች ራዚያ። «ከሩጫ ስትገቢ ምንድነው የምትበዪው?»

ፋና የአያ ሽታውን ሚስት አየች። «አጥሚት።»

«እኔ ነኝ የምልክላት» አሉ እትዬ ባንቺአየሁ። «ግቢያችን አንድ ነው። በየማለዳው ፊቷ ቀልቶ እያለከለከች ስትገባ አያለሁ። ታማ ሳትነግረን ቀረች ብዬ አዘንኩ። ቅቤ አብዝቼበት ነው የምልከው።»

«ገንፎውስ?» አለች ፋና።

ራዚያ ጉሮሮዋን ጠረገች። «እሱ ከእኔ ነው። ከስታለች ሲሉ ሰምቼ።»

በቅቤ የታሸ ጭኮ የላከችው ሴት ደግሞ ከኋላ ሆና ራሷ አመነች። ሰፈሩ ለካ አንድ ሩጫ የወሰደውን በሦስት ሳህን ሲመልስ ነው የከረመው። በክፋት ያደረገው አንድም የለም፤ ለዚህ ነው የሚያስቆጣው። ክፋት ቢሆን ሰው እምቢ ይል ነበር።

«እምቢ ብል ትቀየማላችሁ» አለች ፋና። «ደግሞ የእኔም ሆድ አለበት። ሮጬ መጥቻለሁ፣ ይገባኛል እያልኩ ሳህኑን እጠርጋለሁ።»

«እንግዲህ ያወፈረሽ ደግነታችን ነው በዪና» አሉ አያ ሽታው፣ አሁን ድምፃቸው ከፍ ብሎ።

«እሷም አጥፍታለች አያ ሽታው» አለች ራዚያ። «እንደ ሌባ በጨለማ እየሮጠች ማን ይወቅላት። ብትነግረን ኖሮ ገንፎውም ይቀር፣ ሊጤም አይበላም ነበር።»

«እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ሮጬ አላውቅም። ምን ሆንኩ?» አሉ አያ ሽታው።

«እንግዲያው ይምጡ» አለች ፋና። «አንሮጥም። ዳገቱን ፈጠን ብለን በእግር እንውጣና ክርክሩን እየሄድን እንጨርሰው።»

«አያ ሽታው ባጃጅ ከመጣ ወዲህ በእግራቸው የሚሄዱት ለቀብር ብቻ ነው» አለች ራዚያ።

ይህ ባይባል አያ ሽታው አይሄዱም ነበር። ጋቢያቸውን ጠቅልለው ትከሻቸው ላይ ጣሉና ጀመሩ። ሐይቁ ከቀኝ በኩል ጭጋጉን ገና አላነሳም። ሕዝቡም ተከተለ፤ ከተነሳ አይቀር ብሎ።

«የሰው ልጅ ክብሩ» አሉ አያ ሽታው፣ «እርጋታው ነው። ይህ አንደኛው ነው። ሁለተኛው...»

ጥቂት ሄዱ።

«ሁለተኛው...» አሉ እንደገና።

ሁለተኛው አልመጣም። ቆሙ፣ በትሩ ላይ ተደገፉ፣ መዳፋቸውን ዘርግተው ጠብቂኝ አሉ። ፋና እየጠበቀች ማስረዳቷን ቀጠለች። ሐኪሙ ሩጫ ብሎ እንዳልጀመረላት፣ መጀመሪያ መራመድ፣ ከዚያ ትንሽ መሮጥ፣ ሲደክም እንደገና መራመድ እንዳላት፤ ከሰው ጋር እያወሩ የማይሮጡት ሩጫ ለጀማሪ እንደማይሆን፤ በመሀል ማረፍም ከሥራው እንደሚቆጠር፤ እሷ ግን ቶሎ እንዲቀንስላት ስትል በየቀኑ አቅሟ እስኪያልቅ እንደሮጠች ተናገረች። ተናግራ ተናግራ መሀል ላይ አቆመች።

«ምነው?» አለች ራዚያ፣ እሷም እያለከለከች።

«እያወራሁ ነው» አለች ፋና። «ዳገት እየወጣሁ እያወራሁ ነው። ስጀምር እዚህ ቦታ ላይ ስሜን ብትጠይቂኝ አልነግርሽም ነበር።»

ሚዛን ላይ ዓይኗን ተክላ የከረመች ሴት ትንፋሿ መመለሱን ያወቀችው፣ የአጎቷ ትንፋሽ ሲጠፋ ነው። ሰው ሲጀምር ለውጡን ከማይታይበት ቦታ ይጠብቃል፤ በሌላ በር ገብቶ ሲቀመጥ አያየውም። ለመተው የሚነሳውም ብዙውን ጊዜ በዚያው ሳምንት ነው።

አያ ሽታው ትንፋሽ ሲያገኙ ተቆጡ፤ የተቆጡት ግን በፋና አልነበረም።

«እናንተ» አሉ ወደ ሕዝቡ። «እኔን ዳኛ አድርጋችሁ ወንበር ላይ ካስቀመጣችሁኝ ወዲህ አንድ ሰው እንኳ ትንፋሽ የለህም ያለኝ አለ? አያ ሽታው ሞላ አሉ፣ ግርማ ሞገስ አገኙ። ግርማ ሞገሱ ይኸው፣ አንዲት ዳገት አላወጣኝም። አገሬንም እንዲሁ ስናሞግስ ነው ለዚህ ያደረስናት። ከዛሬ ጀምሮ ለዚህች ልጅ ቅቤ ያለበት ነገር የሚልክ ቢኖር እኔ ጋ ይመጣል። ባንቺአየሁ፣ ከአንቺ ነው የሚጀምረው።»

«ባዶ እጄን እንዴት እጠይቃታለሁ?» አሉ እትዬ ባንቺአየሁ።

«ጎመን የለም? ባቄላ የለም? ካልሆነ ባዶ እጅሽን ሂጂና አብረሻት ተራመጂ።»

ፋና ነጠላዋን ፈትታ ወገቧ ላይ አሰረችው።

ይህ ከሆነ ወዲህ ክረምትም በጋም አልፏል። አሁን ፋና በብርሃን ትሮጣለች፣ በቱታ፤ ማንም አያለቅስላትም። ጠዋት የሚላክላት ንፍሮና ጎመን ነው። በሳምንት የተወሰነ ቀን ታርፋለች። ሚዛኑን አልፎ አልፎ ካልሆነ አትወጣበትም፤ እሱም ቀስ እያለ መውረድ ጀምሯል። ያ ደሴ ያለው ሐኪም ስኳሯ ከአፋፉ መራቁን ነግሯታል። እንቅልፍ ወስዷት ታድራለች፣ ካርታ ሰቅላ ሳታርፍ ታስተምራለች፣ ጉልበቷን ያማት የነበረው ለቋታል። እንግዲህ መንቀሳቀስ ለጤና ነው፣ ለሥራ ነው፣ ልጅን ለማሳደግ ነው፤ ይህን ሁሉ ሰው ያውቀዋል። የማያውቀው፣ ወይም አውቆ የማይነግረን፣ ብርድ ባለበት ማለዳ አልጋውን ማን እንደሚያስለቅቅ ነው።

ፋናን ጠየቅኋት። የሐኪሙ ቃል መጀመሪያ መጀመሪያ እንደሚያስነሳት፣ በኋላ ግን ቃሉም አብሯት እንደሚተኛ ነገረችኝ።

አንድ ማለዳ ታዲያ ካፊያ እየጣለ በበራቸው ሳልፍ፣ አያ ሽታው ጋቢያቸውን ወገባቸው ላይ አስረው፣ ጎማ ጫማ አጥልቀው ግቢው መሀል ቆመዋል። የፋና በር ዝግ ነው። በትራቸውን ዘቅዝቀው አንኳኩ። ቆየት ብሎ በሩ ገርበብ አለና የፋና ፊት ከነእንቅልፉ ብቅ አለ።

«አያ፣ እየዘነበ እኮ ነው።»

«እኔ ላይም ነው የሚዘንበው» አሉ አያ ሽታው። «ሰው ደጅ አቁመሽ እስከመቼ ነው የምትተኚው?»

ጫማዋን አስራ እስክትጨርስ ድረስ እየተቆጧት ነበር፤ መንገድ ላይ ሲወጡም አላቆሙም። ዳገቱ ግማሽ ላይ ሲደርሱ ቁጣቸው እስከ እኔ ድረስ ይሰማ ነበር፣ ሳይቆራረጥ።