ያልመለስኩት እሾህ
ስለ በረሃ ጉዞ በተወራ ቁጥር ትዝ የሚለኝ አንድ እቅፍ እሾህ ነው። እኔና ጓደኛዬ ቶፊቅ ሻንጣችንን አዝለን ከሐርላ ወደ ጀልዴሳ በደረቁ ወንዝ፣ በገደሉ መሃል ስንጓዝ፣ ከቀፊራ ገበያ የያዝነው ውሃ እኩለ ቀን ላይ አለቀ። ደግነቱ አሸዋው ላይ የተቆፈረች፣ በእሾህ የተከደነች የውሃ ጉድጓድ አገኘን። እሾሁን አንስተን ጠጣን፤ የውሃ ላስቲካችንንም ሞላን። ቶፊቅ «እሾሁን መልሰው እንጂ፣ ዝንጀሮ ይገባበታል» ሲለኝ፣ «አቦ ተወኝ! እዚህ በረሃ ማን ይመጣል?» ብዬ መንገዴን ቀጠልኩ።

ግማሽ ሰዓት እንደሄድን አንዲት እናት ባዶ ጀሪካን የጫነች አህያ እየነዱ ከፊታችን መጡ።

«ከጉድጓዷ ጠጣችሁ?»

«ጠጣን፣ እናቴ።»

«እሾሁን መለሳችሁ አይደል? ባለፈው አንዱ ከፍቷት ሄዶ ዝንጀሮ አበላሻት። ሌላ እስክንቆፍር ሰውም ፍየልም በጥም ተቃጠለ።»

ቶፊቅ ዓይን ዓይኔን አየኝ።

«መልሰናል» አልኩ።

«ረቢ ውሃ አያሳጣችሁ!» ብለው መረቁን።

የሚሄዱት በአህያ እርምጃ ነበር። ሮጬ ብቀድማቸው እሾሁን ለመመለስ እደርስ ነበር። እኔ ግን «አሜን» ብዬ ወደ ጀልዴሳ ቀጠልኩ።