ፓምፑ ዝም ያለ ለት

ካኦሹንግ ወደብ አጠገብ፣ ጨው ያዘለ ነፋስ የግድግዳ ቀለም በሚልጥበት ሠፈር፣ እማማ ፌንግ በደጃቸው በእንፋሎት የሚበስል የሩዝ ዳቦ ይሸጡ ነበር። አንድ ማለዳ አንድ ጎልማሳ መንገደኛ ጎራ ብሎ ቁርስ አዘዘ። እማማ የነጭ ሽንኩርት መረቁን እያፈሰሱለት ዓይናቸው ወደ ጫማው ወረደ። ግራጫ ጭቃ! እንዲህ ያለ ጭቃ የሚገኘው ከቤታቸው ጎን ለትልቅ ሕንፃ መሠረት በሚቆፈረው ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ብቻ ነው።

"አንተ ከጉድጓዱ ነህ?"

"አዎ እማማ። የውሃው መሐንዲስ ነኝ፤ ያን እባላለሁ።"

"እንግዲያው ሳህኑን መልስ።"

"ጎርሼበታለሁ እኮ።"

"ጨርስና ሂድ! ትናንት የላክኸውን የመቆፈሪያ መኪና ግን በደጄ አላሳልፍም። በርጩማዬ ይኸው፣ መንገዱ መሐል ነው። ነገ ደግሞ ከጎረቤቶቼ ጋር ማዘጋጃ ቤት ሄደን የጉድጓዱን ውሃ የሚስበውን ፓምፕ እናዘጋዋለን።"

እማማ ክፉ ሰው ሆነው አይደለም። ያደጉት በደቡብ፣ የአሣ ኩሬ በሞላበት የባሕር ዳር መንደር ነው። ባለኩሬዎቹ የከርሰ ምድሩን ውሃ ያለ ልክ ሲስቡት መሬቱ ቀስ እያለ ሰመጠ፤ የአባታቸው ቤት ከመንገዱ በታች ቀረ፤ የአያቶቻቸውን መቃብር ባሕር ገባበት። አሁን ደግሞ የልጅ ልጃቸው የሺን አልጋ በጉድጓዱ በኩል ያለውን ግድግዳ ተጠግቷል። ፓምፑ ሲያጉረመርም በሰሙ ቁጥር ግድግዳውን በመዳፋቸው ይዳብሳሉ።

"ውሃ ሲሳብ መሬት ይሰምጣል" አሉ። "ይህን ለማወቅ ዩኒቨርሲቲ መግባት አያስፈልግም።"

"እውነትዎን ነው። የሰመጠውም አይመለስም።"

እማማ ክርክር ሲጠብቁ ስምምነት ስለመጣባቸው ደነገጡ። "ታዲያ እያወቅህ ለምን ትስባለህ?"

ያን ወደሚንተከተከው ድስት ተመለከተ። "ክዳኑ ላይ ድንጋይ የጫኑት ለምንድን ነው?"

"እንዳይዘል ነዋ! ድስት ጥደህ አታውቅም?"

"ድንጋዩን ባነሣውስ?"

"ስትቃጠል ትማራለህ።"

"ከጉድጓዳችን ወለል በታች የሸክላ አፈር አለ፤ ክዳኑ እሱ ነው። ከክዳኑ ሥር ያለው ውሃ ከባሕር ጋር ስለሚገናኝ ወደ ላይ ይገፋል። እስከ ዛሬ ተጭኖ የያዘው ከላዩ ያለው አፈር ነበር። እኛ ደግሞ አፈሩን በየቀኑ እያነሣን ነው።"

እማማ ጭልፋውን ወደ ድስቱ ቀሰሩ። ከዚያ፣ "ታዲያ እሳቱን ቀንሱታ!" አሉ።

"ፓምፑ እኮ ከሥር የሚገፋውን ውሃ እየሳበ ግፊቱን ያበርዳል፤ እሳት መቀነሻው እሱ ነው፣ እማማ። ዛሬ ቢያዘጉት የጉድጓዱ ወለል ይፈነዳል። ከዙሪያው አሸዋው እየተጠረገ ይገባል፤ ከዚህ ቤት ሥር ያለውም ጭምር።"

እማማ ሳያስቡት ወደ ሺን መስኮት ዞሩ። ቢሆንም በቀላሉ የሚረቱ አልነበሩም።

"አፍህ ማር ነው። ባለኩሬዎቹም 'ባሕሩ ይተካዋል' ብለውን ነበር።"

"ተካውም፣ በጨው! እነሱ የወሰዱትን አልመለሱም። እኛ ግን ጉድጓዱን በጥልቅ የሲሚንቶ ግድግዳ አጥረነዋል። በግድግዳው ሥር ሾልኮ የሚመጣብንን ውሃ ደግሞ ከውጭ በሌላ ጉድጓድ ወደ መሬት እንመልሰዋለን። እርስዎ ያገዱት መኪና ይህንኑ ጉድጓድ ከደጅዎ ቆፍሮ የቤትዎን መሬት ሊያጠጣ እንጂ ሊያደርቅ አልመጣም።"

"በር ፊት ለፊት ጉድጓድ ይቆፈራል? የቤቱን ዕድል ሊውጥ!"

"ከመስኮቱ ሥር ይሁን። ሳናማክርዎ መኪና መላካችን የእኛ ጥፋት ነው። አጠገቡ የውሃውን ከፍታ የሚለካ ቱቦ እናቆማለን፤ ውሃው በቱቦው ላይ ካለው ቀይ ምልክት ከወረደ ቁፋሮው ይቆማል። እርስዎም ይዩት።"

"መብራት ቢጠፋስ?"

"ጀኔሬተር አለ፤ በራሱ ይነሣል።"

እማማ በርጩማቸውን ከመንገዱ አነሡ።

በማግስቱ ማዘጋጃ ቤት የሄደ ሰው አልነበረም። የመመለሻው ጉድጓድ ተቆፈረ፤ ከቤታቸው ሥር ያለው ውሃ ከቦታው ንቅንቅ አላለም፤ የሺን ግድግዳም ስንጥቅ አላወጣም። የእማማ ስጋት ከንቱ አልነበረም፤ ውሃው ተመልሶ መሬቱ የዳነው፣ ሥራውም በአደባባይ የሚታይ የሆነው እሳቸው ስለጠየቁ ጭምር ነው። ስጋት ግን ጠይቆ ካልተረዳ፣ ልጠብቅ ባለው እጁ ቤቱን ያፈርሳል።

አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ ፓምፑ ድንገት ጸጥ አለ።

"እፎይ!" አሉ ጎረቤታቸው ጋሼ ጁዋንግ፣ ከጥላው ሥር እንደተጋደሙ። "ጆሮዬ ዐረፈ።"

እማማ ጭልፋውን ወርውረው ባንድ እግር ነጠላ ጫማ ሮጡ። "ምኑ ነው የሚያርፈው! የተኙበትን መሬት ማን የያዘው መሰልዎት?"

የቁፋሮው ግቢ በር ሳይደርሱ ጀኔሬተሩ አስሎ ጥቁር ጭስ ተፋ፤ ፓምፑም ማጉረምረሙን ቀጠለ። እማማ ግድግዳውን ተደግፈው ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። ከዚያ የወደቀ ጫማቸውን አንሥተው ተመለሱ።

"ይጩኽ" አሏቸው ጋሼ ጁዋንግን። "ሌሊት ዝም ካለ ግን ይቀስቅሱኝ።"