ጫማ የሚወለቅለት አታሪ

ክልሉ አዲስ፣ ቢሮው አዲስ፣ ወንበሩም ገና ከላስቲኩ ያልወጣበት ጊዜ ነበር። ደባልቄ፣ ጓደኛው ኡመር ከድንበር ማዶ ያመጣለትን አሮጌ አታሪ ከቴሌቪዥን ጋር እያያያዘ የአሶሳን ወጣት ጌም ያጫውት ነበር። አንድ የቢሮ ኃላፊ "ለጥናት፣ ለአንድ ቀን" ብሎ ወሰደበት፤ ይኸው ሁለት ወር። ዛሬ ሰውየው ሻይ ቤት ውስጥ ጀርባውን ሰጥቶ ተቀምጧል። ደባልቄ ፊቱን ወደ ኡመር አዞረ፤ ድምፁን ግን ወደዚያኛው ጠረጴዛ ላከው።

"ኡመር ወንድሜ፣ ልጆች ደህና? ማንጎውስ ዘንድሮ እንዴት ያዘ? እሰይ! ዝናቡም ሸጋ ነው፤ ጭቃው ብቻ... ጭቃ ስል ጫማ ትዝ አለኝ። ጫማ አውልቀህ የምትገባበት ቢሮ አለ አሉ። መስጊድ እንዳይመስልህ፤ ኮምፒውተር አለበት አሉ! እኔ ከሰባተኛ ያቋረጥኩት ምን አውቄ? በመስኮት አየሁት፤ እንደ ሙሽራ ዳንቴል ለብሷል፣ ጎኑ ላይ በቀይ ቀለም የንብረት ቁጥር ተጽፎበታል። ፊደል የሚመታበት ግን የለውም... የተማረ ሰው በሐሳቡ ይጽፍ ይሆናላ!

ሰውየውን አድንቅልኝ እንጂ። ሌላው ስንት ዓመት ተምሮ የሚለየውን እሱ በአንድ እይታ 'ኮምፒውተር ነው' አለ። እንዲህ ያለ ዓይን! አህያህን ብታሳየው መርቸዲስ ብሎ መዝገብ ላይ ያሰፍርልሃል። የማያውቁት አገር አይናፍቅም ይላሉ፤ እሱ ግን የማያውቀውን ዕቃ ናፍቆ፣ ናፍቆ... ዳንቴል አለበሰው!

ነገ ከአዲስ አበባ እንግዶች መጥተው ይመርቁታል አሉ። በካልሲ ተሰልፈው ሲቆሙ ታየህ? እሱ ማብሪያውን ጫን ሲያደርግ... ኪ ኪ ኪ... ይቅርታ፣ ሻዩ ትን ብሎኝ ነው። ልጆቹ የሚጫወቱባት አውሮፕላን ያለችበት የጌሙ ካሴት እኮ እኔ ኪስ ውስጥ ናት። ያለ እሷ ቴሌቪዥኑ ብናኝ ብቻ ነው የሚያሳየው። እኔ ደግሞ ሰው ሲዋረድ ማየት አልወድም። ዕቃው ሳይመሽ ወደ ቤቱ ቢመለስ... 'ኮምፒውተሩ ታሟል' ቢባል ማን ይጠይቃል?

ለማንኛውም እንመርቀው፤ አንተም አሚን በል። ፈጣሪ ሞገስ ይስጠው። ነገ የእንግዶቹ ዓይን ከእሱ ላይ አይነሳ። እጁ የነካው ሁሉ ይብራለት። እግሩንም ይባርክለት... በካልሲው ወደ ቤቱ ሲሸኙት፣ መንገዱ ጭቃ አይሁንበት!"