በቁሐር ሚካኤል የሚዛን ክፍል ስለተቆለፈው በር

የምስክር ስም፦ ናፍቆት የኔነህ
ዕድሜ፦ 31
ሥራ፦ በግል የሩዝ መፈልፈያ ድርጅት የኮምፒውተር ባለሙያ
አድራሻ፦ ወረታ ከተማ፣ ቀበሌ 02
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ሐሙስ ታኅሣሥ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.
ቃሉን የተቀበለው፦ ረዳት ሳጅን ተገኘ ባየህ

በሐሰት ብመሰክር በሕግ እንደምጠየቅ ተነግሮኝ የሚከተለውን ቃል ሰጥቻለሁ።

በድርጅቱ አራት ዓመት ሠርቻለሁ። በወረታ፣ በሐሙሲትና በቁሐር ሚካኤል መረከቢያዎች ሚዛኑን ከኮምፒውተር ጋር አገናኝቶ ደረሰኝ የሚያትመውን፣ ሊኑክስ በሚባል የኮምፒውተር ሥርዓት የሚሠራ ፕሮግራም የሠራሁት እኔ ነኝ። በተበላሸ ቁጥር የምጠራውም እኔ ስለሆንኩ የዓመት ፈቃድ ወጥቼ አላውቅም። አሁን ባሕር ዳር ሌላ ሥራ አግኝቼ የፊታችን ሰኞ እንድጀምር ተነግሮኛል፤ መልቀቂያ ካላመጣሁ ግን አይቀበሉኝም። ሥራ አስኪያጁን አቶ ገበያው ዘመኑን መልቀቂያ ስጠይቃቸው «ሚዛኑ ያለ አንቺ የሠራ ቀን ትሄጃለሽ» አሉኝ።

ስለዚህ ፕሮግራሙን፣ እንዲሠራ ከሚያስፈልጉት ፋይሎች ጋር፣ በአንድ ፋይል ጠቀለልኩት። እንዲህ የተጠቀለለ ፕሮግራም ኢንተርኔት ሳይፈልግ፣ ባለሙያ መጥቶ ሳይጭነው፣ ከፍላሽ ላይ ይከፈታል። አዳዲስ ኮምፒውተር ባለባቸው በወረታና በሐሙሲት ሞክሬው ሠርቷል።

ትናንት ረቡዕ ረፋዱ ላይ ቁሐር ሚካኤል ደረስኩ። የድሮውን ፕሮግራም ቅጂ ሳላስቀር ከኮምፒውተሩ ሰርዤ አዲሱን ፋይል ብከፍት እምቢ አለ። የጠቀለልኩት በራሴ አዲስ ላፕቶፕ ነበር። በየሊኑክስ ኮምፒውተሩ ይኖራል ተብሎ አብሮ የማይጠቀለል አንድ መሠረታዊ ፋይል አለ። ፕሮግራሙ የሚፈልገው ላፕቶፔ ላይ ያለውን አዲሱን ነው፤ የቁሐሩ ኮምፒውተር ያለው አሮጌው ነው። የሚዛኑ ገመድ ደግሞ ላፕቶፔ ላይ አይገባም።

ውጭ ገበሬዎች ሩዝ በጋሪና በአህያ አምጥተው ተራ ይጠብቁ ነበር። ወቅቱን ያልጠበቀ ዝናብ መጣል ጀመረ። አምና በእጅ በተጻፈ ክብደት ተጭበርብረናል ብለው ተጣልተው ስለነበር፣ የኮምፒውተር ደረሰኝ ሳይወጣ አንድም ጆንያ ወደ መጋዘን እንዳይገባ ከድርጅቱ ጋር ተስማምተዋል። የሚዛን ሠራተኛዋ ወ/ሮ አምሳል ታደለ «ለዛሬ በእጅ ልጻፍላችሁና ሩዙ ይግባ» ስትላቸው አንዱ «የአምናውን የጻፈችው እጅ ናት እኮ!» አላት፤ ሳቁ።

ወረታ አስተካክዬው ነገ እመለሳለሁ ብዬ ቦርሳዬን አነሳሁ። አቶ አድማሴ ሰውመሆን የተባሉ ሽማግሌ ገበሬ «ነገማ ሩዙ ጆንያው ውስጥ ይበቅላል» አሉ። ወ/ሮ አምሳልን አስወጥተው በሩን ከውጭ በጓጉንቸር ቆለፉት።

በመስኮቱ በኩል «ልጄ፣ ሩዛችን እስኪመዘን አንቺም ከሚዛኑ ጋር ነሽ» አሉኝ።

«አባባ ይክፈቱልኝ፣ ይኼ ወንጀል ነው» አልኳቸው።

«እሱስ ነው። ከከፈትኩልሽ ግን ትሄጃለሽ።»

ደጃፉ ላይ ተቀመጡ። የስልክ ኔትወርክ አልነበረም። መስኮቱ የብረት ፍርግርግ አለው። ጮህኩ፣ በሩን በእግሬ መታሁ። ሁሉም ጆንያ በላስቲክ ሲሸፍን ስለነበር የመጣ ሰው የለም።

አሮጌው ኮምፒውተር ላይ ፕሮግራሙን መጀመሪያ ስሠራ የተጠቀምኩባቸው የመጠቅለያ ፕሮግራሞች እንዳሉ ያስታወስኩት ከዚያ በኋላ ነው። አሮጌ ላይ የተጠቀለለ አዲስ ላይ ይሠራል፤ አዲስ ላይ የተጠቀለለ አሮጌ ላይ አይሠራም። ከመጀመሪያውም እዚያ መጠቅለል ነበረብኝ። ኮዱን ከላፕቶፔ በፍላሽ ገልብጬ ሥራውን ጀመርኩ። ኮምፒውተሩ ቀርፋፋ ነው። በመካከሉ አቶ አድማሴ በፍርግርጉ ቆሎ አቀበሉኝና «እንዴት ነው፣ አልበሰለም?» አሉ። ቆሎውን በላሁ።

ወደ አሥር ሰዓት ግድም ፋይሉ ተከፍቶ የሚዛኑ ቁጥር ስክሪኑ ላይ መጣ። ነገርኳቸው፤ ጓጉንቸሩን ከፈቱ። «እሷን አስቀድሙ፣ ጆንያዋ ርሷል» ስላሉ የመጀመሪያው ደረሰኝ የወጣው ከገበሬዎቹ አንዷ በሆነችው በወ/ሮ ጸሐይነሽ ስም ነው። ከዚያ ማንም አልከለከለኝም፤ በባጃጅ ወረታ ገባሁ።

ለፖሊስ ያመለከቱት አቶ ገበያው ናቸው እንጂ እኔ አይደለሁም። ዛሬ ጠዋት ቢሮአቸው ጠርተውኝ፣ ሽማግሌው በዱላ አስፈራርተውኛል ብዬ እንድመሰክር ጠየቁኝ። «እሱ ከታሰረ በደረሰኝ የሚጨቃጨቀኝ የለም። አንቺም መልቀቂያሽን ከሰዓት ትወስጃለሽ» አሉ። መልቀቂያው ጠረጴዛቸው ላይ ነበር። ተፈርሟል፤ ማኅተም ብቻ ይቀረዋል።

አቶ አድማሴ ዱላ ይዘው ነበር። ሁሉም ገበሬ ይይዛል። አላነሱብኝም።

ዛሬ እዚህ ፖሊስ ጣቢያ ስገባ አቶ አድማሴ ኮሪደሩ ላይ ከጠባቂ ጋር ተቀምጠው «አንቺንም አመጡሽ?» አሉኝ። ለቃል ነው አልኳቸው።

ያለ ፈቃዴ ያገተኝ ማን እንደሆነ ለቀረበልኝ ጥያቄ፦ በሩን የቆለፉብኝ አቶ አድማሴ ናቸው፤ ሥራው ሲያልቅ ከፍተውልኛል። ሚዛኑ አሁን በሦስቱም ቦታ ያለ እኔ ይሠራል። አቶ ገበያው ግን አልለቀቁኝም።

ፍላሹ ለኤግዚቢትነት ተይዟል። ጉዳዩ እስኪያልቅ ከወረታ እንዳልወጣ ተነግሮኛል። ሰኞ ባሕር ዳር መገኘት እንዳለብኝ ተናግሬ እንዲጻፍልኝ ጠይቄአለሁ፤ ተጽፏል።

የተጻፈው ተነቦልኛል፤ የተናገርኩት እውነት ይኸው ነው። ዱላ ተነሣብኝ የሚል እንዳልገባበት ራሴ አንብቤ ፈርሜአለሁ።

የምስክር ፊርማ፦ ናፍቆት የኔነህ
ቃሉን የተቀበለው ፊርማ፦ ረ/ሳጅን ተገኘ ባየህ