የግራዝማች ማኪና ሳል

በእኛ ጊዜ ልጆቼ፣ ማኪና ገዛ ከተባለ አገር ነው የሚወጣ፣ አገር! እንደ ዛሬ መሰላችሁ? ጣሊያን ሲሸሽ ጥሏት የሄደ አንዲት የጭነት ማኪና ነበረች፣ ግራዝማች አድማሱ እጅ ገብታ ጎንደር ላይ ስትሠራ ቆየችና አንድ ቀን «ትሸጣለች» ተባለ። ታዲያ ታላቅ ወንድሜ አያ ተገኘ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የሚያርስበትን በሬ ሁሉ ሸጦ ገዛት። በሬውን እኮ ነው የምላችሁ! በሬ የሌለው ገበሬ ምን ሊበላ ነው? እና ደግሞ ይህችን ልብ በሉ፣ የግራዝማች ልጅ ጥሩነሽ፣ ይችው አያታችሁ፣ ይኸው እዚህ ቁጭ ብላ ጥጥ የምትፈትለው፣ ያኔ ለኔ ታጭታ ነበር። ሽማግሌ ገብቶ፣ እሺ ተብሎ፣ ሰርጉ ለጥር ተቆርጦ። ታዲያ ከአማት የተገዛ ነገር ማን ይመረምራል?

የመጣች ለት ሸጋ ነበረች። ግራዝማች ራሳቸው አብረው ተቀምጠው፣ ከላይ ከከተማው ቁልቁል ቁልቁል እያሉ ግቢያችን አስገቧት፣ እልል ተባለ። በነጋታው የንስሐ አባታችን መጡ፣ ጸሎት አደረሱ፣ ጸበል ረጩና ሄዱ። ከዚያ እህላችንን ጫንን፣ እንፍራንዝ ገበያ ልንሄድ ነው። ሾፌሩ ገብሬ ይባላል፣ ከጣሊያን ጋራዥ ሠርቶ ሙያውን የለመደ ሰው ነው፣ ማኖቬላውን፣ ያን ሞተር ማስነሻ ብረት፣ ከፊቷ ሰካና ዞር ዞር ሲያደርገው «እህ... እህህ... እህህ» አለች፣ ልክ እንደ ሽማግሌ። ከዚያ ድው! ጸጥ። ደግሞ አዞረ፣ «እህህ»፣ ድው!

«ምነው? ምን ሆነች?» አለ አያ ተገኘ።

«ቆይ እስቲ፣ አያ ተገኘ» አለ ገብሬ። ካንዴላውን፣ ያችን እሳት የምትጭረውን፣ ፈትቶ አየ፣ ጠረገ፣ መለሰ፣ እምቢ። ቱቦውን በአፉ ነፋ፣ እምቢ። ኋላ ራሱን ነቀነቀና «ሕመሟ ከሞተሩ አይመስለኝም፣ የምትጠጣውን ልየው፣ ብርሌ አምጡልኝ» አለ። የጠጅ ብርሌ እኮ ነው! አመጣንለት፣ ከቤንዚኑ ጋን ሥር ቀዳና ፀሐይ ላይ ከፍ አድርጎ ያዘው። ወዲያው ምን ብናይ ጥሩ ነው? ከላይ ቤንዚን፣ ከታች ኩልል ያለ ውሃ! ክው አልሁ። ቤንዚን ውስጥ ውሃ!

አያ ተገኘማ ፊቱ አመድ መሰለ። «በሬዬን ወስዶ ውሃ ሸጠልኝ! አማት ብዬ ባምነው ውሃ ሸጠልኝ!» እያለ ገብቶ ምንሽሩን ይዞ ወጣ። ግራዝማች ተጠርተው በበቅሎ መጡ።

«ይህ ምንድን ነው ግራዝማች?» ብርሌውን አፍንጫቸው ላይ ደቀነው።

«ውሃ ነዋ።»

«ውሃ ነዋ?!» ብሎ ጠመንጃውን አቀባበለላችሁ! እኔ መሃል ገባሁ። አንድ ጥይት ከወጣች ደም ነው፣ ደም ከመጣ ጥሩነሽ የለችም፣ አለቀ። ግራዝማችም ጋቢያቸውን አጣፍተው «ልጄ ጠመንጃ ለሚደግንብኝ ቤት አትዳርም!» አሉ። ሰርጌ ዓይኔ እያየ ሲፈርስ ታያላችሁ?

እና ይኼን ጊዜ እናታችን ጩኸቱን ሰምታ ከጓዳ ወጣች። «ምንድን ነው እናንተ?»

«ግራዝማች ቤንዚኑ ላይ ውሃ ጨምሮ ሸጠልን!» አለ አያ ተገኘ።

«ውሃ? የምን ውሃ! ጸበል ነው እንጂ!»

ሁላችንም ዞረን አፈጠጥንባት።

«ምን ታፈጡብኛላችሁ? አባ ላይ ላዩን ረጭተው ሄዱ። ትናንት ስትመጣ ሆዷ ሲጮህ ሰምቻለሁ፣ ሰውስ ሆዱን ሲያመው ጸበል ይጠጣ የለም ወይ? የተረፈውን አንድ ቅል በዚያ በአፏ አጠጣኋት፣ ምን አጠፋሁ?»

ወይ ጉድ! አያ ተገኘ ጠመንጃው ከእጁ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። ግራዝማች አማተቡና ድንጋይ ላይ ዘጭ አሉ። ገብሬ ጋኑን ሊደፋ ጎንበስ ሲል ደግሞ እናታችን ጮኸች፣ «ዋ! ጸበል በእግር ሊረገጥ?» ታዲያ ምን ይደረግ፣ በቅል በቅል አድርገን ቤተ ክርስቲያን ወሰድነው፣ እግር የማይደርስበት ዛፍ ሥር ፈሰሰ። አባም አሽትተው «ይህ ደግሞ የየትኛው ደብር ጸበል ነው?» አሉ።

አያ ተገኘ እንደ ወጉ ድንጋይ ተሸክሞ ግራዝማች ቤት ሄደና እግራቸው ላይ ወደቀ፣ «ተነስ ልጄ፣ ይቅር ለእግዚአብሔር» ተባለ፣ እኔም በጥር አገባሁ። ማኪናዋ ግን ከአዘዞ ሽቅብ ስትወጣ «እህህ» ማለቷን እስከ መጨረሻዋ አልተወችም። አያ ተገኘ «እናቴ ናት ያሳመመቻት» እንዳለ ሞተ። እናታችንም «ጸበሏን ደፍታችሁባት ነው» እንዳለች ሞተች። እኔም እስከ ዛሬ የማምነው...

[እዚህ ላይ ወይዘሮ ጥሩነሽ እንዝርታቸውን አስቀመጡ።]

«ተው እንግዲህ፣ ሙታኑን አታጣላ። ማኪናዋ እኮ ድሮም ታስል ነበር።»

«ምን አልሽ?»

«ዳገት አይሆንላትም ነበር። አባቴ ቁልቁል ቁልቁል ያመጣት ምነው ይመስልሃል? ‹ዋ፣ ትንፍሽ ትዪና!› ብሎኝ ነው ያልተናገርሁት።»

«አንቺ ሴትዮ! ይህን ሁሉ ዘመን? ምነው ሳትነግሪኝ?»

«ያኔ ብናገር ወንድምህ ይተኩስ ነበር፣ አንተም አታገባኝ። ኋላ ደግሞ ልጁ በላይ በላይ መጣ፣ መች ፋታ አገኘሁ?»

«ወንድሜ እኮ ድንጋይ ተሸከመ! ለአባትሽ! ድንጋይ!»

«ትንሽ ድንጋይ ናት» አሉ ወይዘሮ ጥሩነሽ እየሳቁ፣ «በመስኮት አይቻታለሁ።»